ከኋላ የታየ መስመር

ነዳፊዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምራ የዳቦ ቤቱን ቦታ በኮምፒውተሩ ላይ ለመሳል ስትፍጨረጨር ቆይታ፣ አራት ሰዓት ሲሆን በእጇ ያለው አፉን የከፈተ ቅርጽ ብቻ ነበር። ቦታው አምስት ማዕዘን አለው፤ ስለዚህ አምስት መስመር አለው። አምስተኛው መስመር መጥቶ አንደኛው ከተነሳበት ነጥብ ላይ መግጠም ነበረበት። እሱ ግን ወደ ሌላ ሄዶ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመ። ክፍተቱን ስትለካው ሃያ ሁለት ሜትር ከምናምን ሆነ። ሁለት ሳንቲም ቢሆን ስህተት ይባላል፤ ሃያ ሁለት ሜትር ግን ጉድ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ሌላ ዳቦ ቤት ከነምድጃው ይገባል።

ሥራውን አታውቀውም እንዳይባል በዚህ ቢሮ ስምንት ዓመት ነድፋለች። እስከ ዛሬ የነደፈችው ግን ዘመናዊው መለኪያ ቆጥሮ ከሚሰጣት የነጥብ ዝርዝር ነው። ነጥቡን ታስገባለች፣ ፕሮግራሙ ይደረድረዋል፣ እሷ ታገናኘዋለች። የዛሬው በእጅ ከተጻፈ የመስክ ደብተር የመጣ ነው፤ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አቅጣጫ በዲግሪ፣ አንድ ርቀት በሜትር። በዚህ በኩል ይህን ያህል ሂድ፣ ከዚያ በዚያ በኩል ያን ያህል ሂድ ነው ነገሩ። ለሰው ቢነግሩት ወዲያው ይገባዋል። ፕሮግራም ግን፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንዴ የያዘውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አልለቅም ይላል።

ደብተሩ የአባቷ ነው። ጭንቁም ከዚህ ይመጣል።

አባቷ አርባ ዓመት ቀያሽ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት የቢሮው መለኪያ ተበላሽቶ ጥገና ሲገባ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ፕላኔን አድርሱልኝ ብላ ስታስጨንቅ፣ የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነሩ «እስቲ አባትሽን ለምኚልኝ» አላት። አባቷ መለመንም አላስፈለገው። ከአልጋው ሥር አሮጌውን የቅየሳ መሣሪያ፣ ቴዎዶላይቱን ከነሦስት እግሩ አውጥቶ፣ የመሣሪያውን መነጽር በመሐረብ ወልውሎ፣ በማግስቱ ከወፍ ጋር ተነስቶ ሄደ። ሜትሩን ጫፍ ጫፉን የያዘችለት ራሷ ባለቤትየዋ ነበረች። ማታ ሲመለስ አሥር ዓመት ቀንሶ ነበር፤ እራቱን በልቶ ሳይጨርስ ስለ ቀጣዩ ሥራ ያወራ ጀመር።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ኢንጂነሩ ከኋላዋ መጥቶ ቆመና፣ አፉን የከፈተውን ቅርጽ አይቶ አገጩን አሻሸ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልዘጋ ነገ ከሌላ ቢሮ ቀያሽ እዋሳለሁ» አላት። «አባትሽም ከእንግዲህ ቢያርፉ ነው የሚሻላቸው። ዕድሜ ነው እህቴ፣ ማንንም አይምርም።»

«አባቴ አይሳሳትም።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ድሮ ማለቴ ነው» አለና ሄደ።

በክፋት አላለውም። ያቺ «ድሮ» የምትባለው ቃል ግን ውስጧ ገብታ ተሰነቀረች። አባቷን ከሥራ ቢያስቀሩት ቤት ውስጥ ምን ይዞ እንደሚቀመጥ አሰበችው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ ሬዲዮውም ግማሽ ቀን አይሰማም። ስለዚህ ይህ ነገር መዝጋት አለበት። ግን የተሳሳተው ማን ነው? አባቷ ነው? ፕሮግራሙ ነው? ወይስ እሷ ራሷ? ሦስቱንም በየተራ ጠረጠረች፤ ከሦስቱም የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች።

ከጎኗ የሚቀመጠው ሌላው ነዳፊ ፕሮፌሰር ይባላል። የተማረ ሆኖ አይደለም፤ ለማያውቀው ነገር ሁሉ ማብራሪያ ስለማያጣ ነው። ከሚናገረው ግማሹ ትክክል ነው፤ ችግሩ የትኛው ግማሽ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ።

«መንገዱ የት ነው ያለው?» አላት።

«በስተሰሜን።»

«አንቺ ጋ ግን በስተምሥራቅ ነው።»

አየችው። እውነትም ዳቦ ቤቱ በመስታወት እንደታየ ሰው ተገልብጧል። የመጀመሪያው መስመር ሰማንያ አራት ነጥብ አርባ፣ ርቀቱ ሠላሳ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፤ መንገዱን ይዞ ወደ ምሥራቅ መሄድ ሲገባው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል።

«ፕሮግራሙ ካልነገሩት በስተቀር ዜሮን ከምሥራቅ ነው የሚጀምረው» አለ ፕሮፌሰር ደረቱን ነፍቶ። «ቀያሽ ደግሞ ከሰሜን ነው። ቅንብሩን ቀይሪው።»

ቀየረችው። አምስቱንም መስመር አጥፍታ እንደገና አስገባች። አሁን መንገዱ ወደ ሰሜን ሄደላት፤ ግራና ቀኙ ግን ተለዋወጠ። በስተቀኝ የነበረው የዳቦ ቤቱ በር በስተግራ መጣ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

«እንደ ሰዓት ይዞራል ወይስ በተቃራኒው?» አለ ፕሮፌሰር።

«ምኑ?»

«አንግሉ ነዋ! ፕሮግራሙ ከሰዓት በተቃራኒ ነው የሚቆጥረው። አባትሽ እንደ ሰዓት።»

«ታዲያ ይሄንን ቅድም አብረህ አትነግረኝም?»

«ቅድም ትዝ አላለኝማ።»

እሱንም ቀየረች። ለሦስተኛ ጊዜ አስገባች። መንገዱ በሰሜን፣ በሩ በቀኝ፣ ጓሮው በጓሮ ቦታ፤ ሁሉም ነገር ልክ ሆነ፤ ክፍተቱ ግን አሁንም ሃያ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው። ሲገባት፣ ቅርጹን ቢያዞሩትም ቢያገላብጡትም አፉ ያው አፍ ነው። ጠዋቱ ሙሉ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነባት። ፕሮፌሰርም ማብራሪያው ሲያልቅበት ሻይ ትዝ አለውና ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ደብተሩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። የአባቷ ቁጥሮች ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ከሌላው የማይጠጋጉ ናቸው። 84.40። 172.15። ዓይኗን ነጥቦቹ ላይ ተክላ ቆየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። አባቷ ነጥብ ሲያደርግ እኮ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው! ሰማንያ አራት ዲግሪ ከአርባ ደቂቃ። አንድ ዲግሪ ስድሳ ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ግን ከመቶ አርባ አድርጎ ነው የቆጠረው። ሕፃን ሆና የቤት ሥራ ሲያሠራት እንኳ ሰዓትን በነጥብ ነበር የሚጽፍላት፤ እንዴት ረሳችው?

ሁሉንም በዲግሪና በደቂቃ ለይታ አስገባች። አራተኛ ጊዜዋ ነው። ዐይኗን ጨፍና ገለጠች። ክፍተቱ ሃያ ሁለት ሜትር ከሰባ ሁለት ሆነ። ምናምኑ ጠፍቶ ቁጥሩ ጠራ እንጂ ጉዱ እዚያው ነው። ሳቋ መጣ፤ ከዚያ እንባዋ መጣ፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገብቷት ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈችው። 22.72። የመስመሮቹን ርቀት አንድ በአንድ ከሥሩ ደረደረች። አራተኛው መስመር አሥራ አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት ነው። እጥፉ ሃያ ሁለት ከሰባ። እጇ ቀጥ አለ። ሰው ወደፊት አሥራ አንድ ሜትር መሄድ ሲገባው ወደ ኋላ አሥራ አንድ ሜትር ቢሄድ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አራተኛው መስመር ፊቱን አዙሯል ማለት ነው። ደብተሩን ብርሃን ላይ ይዛ አየችው፤ 130.10 ይላል፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ሌሎቹ አራቱ ላይ የለም።

ስልክ ደወለች።

«አቤት እማዬ» አለ አባቷ። «ምሳ በላሽ?»

«ገና ነኝ አባዬ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ደብተርህ ላይ አንድ ቁጥር ሥር አስምረሃል። ምን ማለት ነው?»

«እንዴት ምን ማለት ነው? ከኋላ አይቼዋለሁ ማለት ነዋ!» ድምፁ እሳት ሆነ። «መነሻው ላይ መቆም ሲያቅተኝ መድረሻው ላይ ቆሜ ወደ ኋላ አያለሁ። ያየሁትን እጽፍና አሰምርበታለሁ። ነዳፊ መቶ ሰማንያ ይጨምርበታል፣ አለቀ። ድሮ ይሄን የማያውቅ ነዳፊ አልነበረም፤ ዛሬ ምን ነካችሁ?»

«ማን ነገረን አባዬ?»

«ደብተሩ ነገራችኋ!»

ከልቧ ሳቀች። እንዲህ ሲቆጣ ደስ ይላታል፤ ጠዋት የገባባት እሾህ የተነቀለ መሰላት። «እሺ፣ ምን አግዶህ ነው ግን? አራተኛው ማዕዘን ላይ ምን ነበር?»

«የት?»

«ዳቦ ቤቱ ጋ።»

 በስልኩ ውስጥ ሬዲዮው ሲንሾካሾክ ይሰማል።

«የቱ ዳቦ ቤት?» አለ።

«ባለፈው ሐሙስ የለካኸው ነዋ አባዬ።»

«እ... አዎ። እሱማ አዎ» አለ አባቷ ቶሎ ቶሎ። «ውሻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ውሻ ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። በአካባቢው አሁን ሦስት ዳቦ ቤት አለ፣ ተደናግሮት ነው አለች። ሬዲዮው ረብሾት ነው አለች። ያ ዳቦ ቤት ግን በልጅነቷ ሳንቲም ጨብጣ የምትላክበት፣ እሱም ከሥራ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚያመጣበት ነው። ለራሷ የምትሰጠው ምክንያት ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደሚነገር ማጽናኛ ሆነባትና ተወችው። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል።

በመቶ ሠላሳ ዲግሪ ላይ መቶ ሰማንያ ጨመረች። ሦስት መቶ አሥር ዲግሪ ከአሥር ደቂቃ። አስገባችው። አራተኛው መስመር እሺ ብሎ ፊቱን መለሰ፣ አምስተኛውም ተከትሎት መጥቶ መነሻው ላይ ቁጭ አለ። ክፍተቱን ለካችው። ሦስት ሳንቲሜትር።

«ሦስት ሳንቲም!» ብላ ጮኸች።

ፕሮፌሰር ከሻዩ ተመልሶ ነበር፤ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «እኔ ቅድም ምን አልኩሽ?» አለ፣ ምንም ሳይላት። ኢንጂነሩም ከቢሮው ወጥቶ አየና፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ እንደገና አየ።

«በአሮጌ ቴዎዶላይትና በሜትር?» አለ። «ሽማግሌው ወርቅ ናቸው! አፌን ቆርጬ ልጣለው። ሰኞ ከወንዙ ማዶ ሌላ ቦታ አለ፤ እሳቸው ይሂዱልን። አሁን የደብተሩን ገጾች ኮፒ አድርገሽ ከፋይሉ ጋር አያይዢ። መነሻቸውን ከየት እንዳደረጉም አሳዪ።»

ነዳፊዋ እግሯ መሬት ሳይነካ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄደች። የመጀመሪያውን ገጽ አነሳች። ሁለተኛውን ገለጠች። እዚያ ደግሞ ሰባት መስመር ተጽፏል። ከላይ «መነሻ» ይላል፣ ከታች «ዳቦ ቤት» ይላል። ኢንጂነሩ የጠየቀው ይሄ ነው ብላ ይዛው ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። ቀያሽ ሥራውን ከአንድ የታወቀ የመንግሥት የቅየሳ ምልክት ድንጋይ ጋር ማገናኘት አለበት፤ አባቷ ያንን ሳያደርግ አይቀርም።

ሰባቱም ላይ ተሰምሮባቸዋል። አሁን ትርጉሙን ታውቀዋለች፤ ሁሉንም ከኋላ ነው ያያቸው። ከመነሻው ተነስቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ፣ የእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ቆሞ ወደመጣበት አይቷል። ስለዚህ ምንም መጨመር ሳያስፈልጋት፣ ከዳቦ ቤቱ ተነስታ ከታች ወደ ላይ ብታነበው በቀጥታ መነሻው ላይ ያደርሳታል። አሰበችበትና ብልሃቷ ራሷን አስደሰታት። ሰባቱን አስገባች። የከተማውን ካርታ ከሥሩ ስታነጥፍበት የመጨረሻው ነጥብ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ መጋዘኖች መሐል ወደቀ። መስመሮቹ ቤት እየሰነጠቁ፣ ግድግዳ እየበሱ ነው የሄዱት። እንደገና ግራ ገባት። እዚያ መጋዘን ውስጥ ምን ድንጋይ አለ?

ርቀቶቹን አየቻቸው። 210። 340። 95። ሳንቲሜትር የላቸውም። ከሦስት ሳንቲም በላይ ሳይስት የለካ ሰው ሜትር ሲጽፍ ጠቅልሎ አይጽፍም። ሜትር ካልሆነስ? እርምጃ ነው። በእርምጃ ነው የቆጠረው። የአባቷ አንድ እርምጃ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ነው፤ ይሄ ከስሟ ቀጥላ የተማረችው ነገር ነው። ሁሉንም በዚያ አባዝታ እንደገና ሣለችው።

አሁን መስመሮቹ መንገድ መንገዱን ያዙ። ከዳቦ ቤቱ በር ወጡ፣ ፋርማሲው ጥግ ላይ ታጠፉ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትለው ወረዱ፣ ትንሿን ድልድይ ተሻገሩ፣ በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል ዞሩ። እሷ በዐይኗ እየተከተለች፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ፕሮግራሙ ሳይሄድበት ቀድማ ታውቀው ጀመር። ሰባተኛው መስመር አንድ አጥር ላይ ደርሶ ቆመ። አጥሩ የጎረቤቶቿ ነው። ከአጥሩ በአራት ሜትር አንድ በር አለ፤ ያንን በር ዛሬ ጠዋት ዘግታው የወጣችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

ሠላሳ ዓመት የኖረበት ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው። ሐሙስ ጠዋት አባቷ ቴዎዶላይቱን ተሸክሞ ከዚያ በር ወጥቶ፣ እርምጃውን እየቆጠረ፣ በየመታጠፊያው ዕቃውን መሬት አውርዶ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ኮምፓስ አውጥቶ፣ ዞሮ የመጣበትን አይቶ ጽፎታል። ሰባት ጊዜ ቆሞ ሰባት ጊዜ ዞሯል። መመለሻው እንዳይጠፋበት። እሷ ደግሞ ማታ አሥር ዓመት ቀንሶ ሲመጣ ደስታ ነው ብላ ሳቀችለት። ደስታ ነበር። ቤቱን ማግኘቱ ነበር ያስደሰተው።

 ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። ስክሪኑ ላይ አምስቱ መስመሮች በሦስት ሳንቲም ገጥመው ተቀምጠዋል፣ ሰባቱ ደግሞ አጥር ላይ ቆመዋል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እርሳስ። የትኛውን ትመን? ያንን ቦታ የማያስታውስ ሰው እንዴት እንዲህ አድርጎ ይለካዋል? እንዲህ የሚለካ ሰው እንዴት የቤቱ መንገድ ይጠፋዋል? ጠዋት ሙሉ ስትጠይቅ የነበረው ማን ተሳሳተ ብላ ነበር። ማንም አልተሳሳተም፤ እሷም ከጠዋቱ የበለጠ ተምታታባት።

ሁለተኛውን ገጽ ከፋይሉ ጋር አላያያዘችውም። ሰባቱን መስመሮች አጠፋች። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ገባች።

«ሰኞ አባቴ ብቻውን አይሄድም» አለችው። «እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

«ምነው? ዘግቶ የለም እንዴ?»

«ዘግቷል።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

 «ደብተር የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል» አለች።

«የሰኞውን ማን ይነድፈዋል?»

«ፕሮፌሰር ይነድፈዋል።»

«እኔ?» የሚል ድምፅ ከበሩ ውጭ መጣ። ሲያዳምጥ ነበር። «በአቅጣጫና በርቀት? እኔን ተዉኝ!»

ኢንጂነሩ ፕሮፌሰርን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እሷን አያት፤ ፊቷ ላይ ያየው ነገር ጥያቄውን አስቀረው። «እንደፈለግሽ ይሁን» አላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ሰኞ ሌላ ሥራ እንዳለ ነገረችው፤ ፊቱ በራ። አብረው እንደሚሄዱ፣ እሱ እንደሚለካና እሷ እንደምትጽፍ ስትነግረው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«ደብተሬን አርባ ዓመት ለሰው ሰጥቼ አላውቅም» አለ። «ያየ ነው የሚጽፈው። እኔ አይቼ አንቺ ልትጽፊ?»

«አዎ።»

«ምን አጠፋሁና? አልዘጋም?»

«በሦስት ሳንቲም ዘጋ።»

«እና?»

ልትዋሸው ዳዳት። ሰበብም አላጣችም ነበር፤ ዕቃው ይከብድሃል፣ ሐኪሙ ከልክሏል፣ ኢንጂነሩ አዟል። ዐይኑን ስታየው ግን አልቻለችም።

«የኋለኛውን ገጽ አየሁት አባዬ» አለችው።

አባቷ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ጋሪ እስኪርቅ ድረስ እሱን ሲያይ ቆየ።

«ነደፍሽው?» አላት።

«ነደፍኩት።»

«ደረሰ?»

«በአራት ሜትር ስቶ የጎረቤት አጥር ላይ ወደቀ።»

 የአባቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ እርምጃ ይሁን ዲግሪ አንድ ነገር እየቆጠረ ነው።

«በእርምጃ ለተለካ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አራት ሜትር ክፉ አይደለም።»

«ክፉ አይደለም አባዬ።»

ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት። አየው፤ እጁን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።

«ያዢው» አላት።